የአንድ ቀን መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የተዋሕዶ ልጆች፣ በዓልን ለማክበር ከቤተሰባችሁ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ ስትጓዙ የመንገዱን ቀን ከምን ትቆጥሩታላችሁ? ብዙዎቻችን በዓሉ የሚጀምረው ከደረስን በኋላ ይመስለናል። መንገዱ ድካምና ወጪ ብቻ ይሆንብናል።

ቅዱስ ሉቃስ ግን ስለ አንድ ቤተሰብ የበዓል መንገድ ጽፎልናል (ሉቃ. 2፡41-52)። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምና አረጋዊው ዮሴፍ በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እንደ ልማዳቸው ወጡ። በዓሉ ተፈጽሞ ሲመለሱ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ እነርሱም ከመንገደኞች ጋር ያለ ስለመሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ተመልሰውም በ3ኛው ቀን በቤተ መቅደስ፣ በመምህራን መካከል ተቀምጦ አገኙት። ይህ የተጻፈው እኛ እንድንማርበት ነው። ሰው ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ፣ ከበዓል ሕዝብ መካከል ሳይለይ፣ ጌታ አብሮት መኖሩን ሳይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ሊጓዝ ይችላል። እነርሱ ግን እንደሌለ ባወቁ ጊዜ ተመልሰው ፈለጉት።

ይህን ምንባብ በሰማሁ ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥር 10፣ በከተራ ዕለት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያደረግነው ጉዞ ትዝ ይለኛል። በዚያ ዓመት አባቴና ታላቅ ወንድሜ በቤት ጉዳይ ተቀያይመው ከመስከረም ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም ነበር። ጎንደር የሚኖሩት አያቴ ይህን ሰምተው፣ «ተኳርፋችሁ ደጄን እንዳትረግጡ፤ ታቦቱ በደጄ ሲያልፍ በምን ፊቴ እቆማለሁ?» ብለው ላኩብን። እኔም የደብራችንን አለቃ አስፈቅጄ ከቤተሰቤ ጋር ለመሄድ ተነሣሁ።

ፋሲሎ ካለው ቤታችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጸሎት አድርሰን በተከራየናት ሚኒባስ ወጣን። አባቴ ከፊት፣ ወንድሜ ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐሙሲትን አለፍን፤ ወረታ ደረስን፤ የፎገራ ሜዳ በግራ በቀኛችን ተዘረጋ። በመኪናው ውስጥ ግን የሚናገር አልነበረም።

አዲስ ዘመን ላይ ሾፌሩ ሊያርፍ ቆመ። የ13 ዓመቷ እኅቴ እናቴ ከሌሊት ጀምሮ ያሰናዳችውን አገልግል እያየች፣ «አባዬ፣ መንገደኛም ይጾማል እንዴ?» አለችው። ዕለቱ ገሃድ ነበርና።

አባቴም፣ «ልጄ፣ ዛሬ ታቦቱም መንገደኛ ነው። ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ውኃው ይወርዳል። እኛ ሆዳችንን ሞልተን፣ ቂማችንን ይዘን እንዴት እንቀበለዋለን?» አላት።

ቂም የሚለውን ቃል ከተናገረ በኋላ ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ጥቂት ቆይቶ ወንድሜ ከኋላ ተነሥቶ መጣና ወደ አባቴ ጉልበት ጎንበስ ብሎ፣ «አባዬ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። አባቴም ቀና አድርጎ ሳመውና፣ «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ» አለው። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። የተጣሉበት ጉዳይ በዚያ ዕለት አላለቀም፤ በኋላ ሽማግሌ ባለበት ተነጋግረው ጨረሱት። ከአዲስ ዘመን እስከ ማክሰኚት ግን አባቴና ወንድሜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ።

ውድ አንባብያን፣ ከተራ የሚለው ቃል «ከተረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ውኃን ገደበ፣ አጠራቀመ ማለት ነው። በጎንደር ይህ በዓይን ይታያል። በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ከበዓሉ አስቀድሞ ነው። ታቦታቱ ሲደርሱ ውኃው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል እንጂ ያን ጊዜ መሙላት አይጀመርም። የመንገድ ቀንም ለእኛ እንዲሁ ነው፤ ልባችን ከመድረሳችን በፊት የሚሞላበት ቀን ነው።

ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። እንግዳ ሊያየው ከሩቅ ይመጣል፤ መምጣቱም መልካም ነው። እኛ ግን ለማየት ብቻ የምንሄድ አይደለንም። ስለዚህ ስትጓዙ በጸሎት ተነሡ። ገሃዱን ጠብቁ፤ ሕመምተኛ ያለበት ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። ለመድረስ ብላችሁ ሾፌሩን አታጣድፉት፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ነፍስ ሁሉ የእግዚአብሔር ነውና። ከሁሉ በላይ አብሯችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር ታረቁ። ጌታችን መባ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዟል (ማቴ. 5፡23-24)።

የመንገዱ ሰላም ታጥቶ ካሰባችሁበት መድረስ ያልቻላችሁበት ዓመት ቢኖርም አትዘኑ። ታቦቱ በያላችሁበት ወጥቶ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ እንደ አያቴ ጉልበታቸው የደከመባቸውም ደጃቸው ላይ ቆመው ይሳለሙታል። ከቤት እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ያለችው አጭር መንገድም መንገድ ናት፤ በእርሷም ላይ ቂም ይዞ መሄድ፣ ታርቆም መሄድ ይቻላል።

በጎዳናችን ሁሉ እርሱን ይዘን እንድንጓዝ አምላካችን ይርዳን፤ የመንገዳችንንም ሰላም ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።