እኔም ደበቅኩ፣ እናቴም ደበቀች

4 ዓመት ሙሉ ቀሚስ አልለበስኩም። መሥሪያ ቤት ‹‹ሱሪ ትወጃለሽ›› ሲሉኝ ‹‹ለሥራ ይመቸኛል›› እያልኩ አልፍ ነበር።

የማርኬቲንግ ሥራ ከውጭ ሲያዩት የቢሮ ሥራ ይመስላል። በባዛርና በኤግዚቢሽን ሰሞን ግን ከጠዋት እስከ ማታ በታኮ ጫማ መቆም ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ግራ ባቴ ላይ የተጠማዘዘ ሰማያዊ ሥር ወጣ። ማታ ማታ እግሬ ይከብደኛል፣ ቁርጭምጭሚቴም ያብጣል። እኔን ያሳሰበኝ ግን መልኩ ብቻ ነበር። ‹‹ለቁንጅና ብዬ ገንዘብ አላወጣም›› አልኩና ሸፈንኩት።

አንድ እሑድ እናቴ ቡና ስታፈላ ቀሚሷ ገለጥ ሲል ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ በጨርቅ የታሰረ ቁስል አየሁ።

‹‹እማዬ፣ ምንድን ነው?››

‹‹ምንም አይደል ልጄ፣ አልድን ብሎኝ ነው።››

ከቁስሉ በላይ ያው የተጠማዘዘ ሥር አለ። ሱሪዬን ሰብስቤ የእኔን አሳየኋት። ‹‹ምነው ሳትነግሪኝ?›› አለች። ‹‹አንቺስ?›› አልኳት። በማግሥቱ አብረን ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሙ እንዳስረዳን በእግራችን ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ወደ ልብ የሚወጣው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግዱ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። እነሱ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፤ ሥሩም ይለጠጣል። ውርስ፣ እርግዝና፣ ውፍረትና ረጅም ሰዓት መቆም ለዚህ ያጋልጣሉ። ችላ ሲባል ቆዳው ሊጠቁር፣ እንደ እናቴም ሊቆስል ይችላል።

ሌዘር ሲባል ቆዳ ላይ የሚበራ ጨረር ይመስለኝ ነበር። ያ ለቀጫጭኖቹ ሥሮች ነው። ለእኔ የተደረገው ሌላ ነው፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ክር የመሰለ ፋይበር በጉልበቴ አጠገብ ወደ ሥሩ አስገባ፤ ሙቀቱም ሥሩን ከውስጥ ዘጋው። ደሙ በጤነኞቹ ሥሮች በኩል መንገዱን ይቀጥላል። የማደንዘዣው መርፌ ደጋግሞ ሲወጋኝ አመመኝ፤ ግን በዚያው ቀን በእግሬ እየተራመድኩ ቤቴ ገባሁ። ጭኔ ለጥቂት ቀናት በልዞ ነበር፤ አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲም አደረግኩ። ወደፊት ሌላ ሥር ሊያብጥ እንደሚችልም ተነግሮኛል።

የእናቴ ቁስል ደም ቅዳዎቿ ከተመረመሩ በኋላ በሚያጠብቅ ፋሻ እየታሰረ ነው፤ ጠበብ ብሏል። የሌዘሩ ተራ አሁን የእሷ ነው።

ለዚህ ሕክምና ስትሄዱ ከዋጋው በፊት የአልትራሳውንድ ምርመራውን ጠይቁ። አንድ እግራችሁ በድንገት ካበጠና ካመማችሁ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ዛሬ ማታ ጫማችሁን ስታወልቁ እግራችሁን ልብ ብላችሁ እዩ። እናታችሁንም ‹‹እስቲ እግርሽን አሳዪኝ›› በሏት። ‹‹ምንም አይደል›› ብትላችሁ እንዳታልፏት።