ጆሮ ዳባ ልበስ ያልነው ልጅ

በአገራችን ቋንቋ የተነገረውን እየሰማ እንዳልሰማ የሚሆን ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል። ዳባ ከለፋ ቆዳ የሚዘጋጅ ልብስ ነውና፥ ጆሮው ዳባ የለበሰ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጮኹበት ድምፅ አይደርሰውም ማለት ነው። እኔም ይህን አባባል በልጄ ላይ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ነገሩ በልጄ ላይ በእውነት ደርሶበት ሳለ፥ እኔ ግን ለተግሣጽና ለዘለፋ ስጠቀምበት ቈየሁ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለወላጆችና ለመምህራን ለማቅረብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ልጄ የቤታችን ሁለተኛ ልጅ ነው። እንደሚታወቀው ሕፃን በዓመቱ ግድም አንድ ሁለት ቃል መናገር ይጀምራል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃላት ያጋጥማል፤ በአራት ዓመቱ የቤተ ሰብ ያልሆነ ሰው እንኳ አብዛኛውን ንግግሩን ያስተውለዋል። ልጃችን በመጀመሪያው ከእኩዮቹ አላነሰም ነበር። ከሦስት ዓመቱ ወዲህ ግን አነጋገሩ ተድበሰበሰ፤ «ሸማ» ለማለት «ሰማ»፥ «ቀሚስ» ለማለት «ከሚስ» ይል ጀመር። እኛም ኰልታፋነቱን እንደ ልጅነት ወግ ቈጥረን ሳቅንበት እንጂ አላሰብንበትም። እናቴም «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ይፈታል፤ ተዉት፥ ጊዜው ሲደርስ ያስቸግራችኋል» ብላ ታጽናናን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መስከረም ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ገባ። ኅዳር ሳይጋመስ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣልን። «ልጅዎ አይታዘዝም፤ ሲጠራ አይመልስም፤ ከባልንጀራው ደብተር ይገለብጣል፤ በዕረፍት ሰዓት ይደባደባል» ይላል። ደብዳቤውን ያነበብሁ ዕለት ያደረግሁትን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ማታ ከሥራ ስገባ ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በቆርኪ መንኰራኵር የተሠራች መኪናውን ይገፋ ነበር። ከበስተኋላው ቆሜ ሦስት ጊዜ በስሙ ጠራሁት። ቀና አላለም። በፊቱ ዞሬ ግራ ጆሮውን ቆነጠጥሁና «ጆሮ ዳባ ልበስ አልኸኝ?» ብዬ ጮኽሁበት። አላለቀሰም፤ ነገር ግን ዐይኖቹን ከአፌ ላይ ሳይነቅል ትክ ብሎ አየኝ። እኔም ያን አመለካከት ድፍረት ነው ብዬ ተረጐምሁት።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ጥምቀት ዐለፈ። ከበዓሉ በኋላ በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ ስንወጣ፥ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ፊደል የሚያስቈጥሩትን የኔታን አገኘኋቸው። ልጄ ያለፈውን ክረምት በእርሳቸው ዘንድ ተምሮ ነበር።

«የኔታ፥ ይህ ልጅ አስቸገረን። እርስዎ ዘንድ ሳለ ጠባዩ እንዴት ነበር?» አልኋቸው።

«በሁለት ወር ፊደሉን ጨርሶ ወደ አቡጊዳ የተሻገረ ልጅ እንዴት ያስቸግራል?» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ሲያስቡ ቈዩና ቀጠሉ። «አንድ ነገር ግን አይቼበታለሁ። በግራዬ ሲቀመጥ ንስር ነው፤ በቀኜ ሲቀመጥ ድንጋይ። ስናገርም የሚያየው አፌን ነው እንጂ ገበታውን አይደለም። እስኪ ልጄ፥ ሳትቈጣ ተመልከተው።»

ይህ ቃል ከልቤ አልወጣ አለ። ለካ እኔ ልጄን ስቈጣ እንጂ ስመለከት አልኖርሁም! የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ የገዛ ሦስት ልጆቹን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ፥ ያደረጉትንም እየመዘገበ፥ የሕፃን አእምሮ እንዴት እንደሚጀምር የሚገልጽ መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ማሳተሙን በተማሪነቴ አንብቤ ነበር። የሊቁ ዕውቀት ባይኖረኝ ልማዱን ልዋስ ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁ። በግራው ገጽ ልጁ ያደረገውን ብቻ፥ በቀኙ ገጽ ደግሞ እኔ ስለ ነገሩ የሚመስለኝን ልጽፍ ወሰንሁ። ከሁለት ሳምንት ማስታወሻ ጥቂቱ እነሆ።

«ሰኞ ማታ። ከበስተኋላው አምስት ጊዜ ተጠራ፤ አንድ ጊዜ ዞረ። ፊት ለፊት አምስት ጊዜ ተጠራ፤ አምስቱንም መለሰ።»

«ረቡዕ። እኅቱ በቀኝ ጆሮው አንሾካሾከችለት፤ ሳቀ። በግራ ጆሮው ስታንሾካሹክለት ‹ኧ?› አለ።»

«ሐሙስ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። እናቱ ዝቅ ብታደርገው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።»

«ቅዳሜ ንጋት። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አልቀሰቀሰውም። እሑድ በግራ ጎኑ ተኝቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ደወል ነቃ። ሁለቱንም ሌሊት አፉን ከፍቶ ያንኰራፋ ነበር።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀኙ ገጽ «እልኸኛ ነው»፥ «ሲፈልግ ይሰማል» ብዬ ጽፌ ነበር። ከስድስተኛው ቀን በኋላ ግን የቀኙ ገጽ ባዶ ሆነ። የምጽፈው ጠፋኝ፤ በግራው ገጽ ከተጻፈው ሁሉ አለመታዘዝ የሚባል አንድም አላገኘሁበትምና።

ደብተሩን ይዤ ወደ መምህርቱ ሄድሁ። እርሷም ከአምሳ የሚበልጡ ሕፃናት በአንድ ክፍል የምታስተምር፥ ድካም በፊቷ የሚነበብ ወጣት ናት። ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው አነበበችና «እኔ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው» አለች። ልጁ የሚቀመጠው በመጨረሻው ወንበር፥ መንገዱን በሚያዋስነው መስኮት አጠገብ ኖሯል። ልጆቹ በአንድነት ድምፅ ሲያነቡ አፉ የሚንቀሳቀሰው ከጎረቤቱ አፍ ጥቂት ዘግይቶ ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ሲገለብጥ አንድ ፊደል አይስትም፤ በቃል ጽሕፈት ግን ከአሥሩ አንድ አያገኝም። ጨዋታ ላይም «ቁም!» ሲሉት ስለማይቆም ጠብ ይነሣል።

«እርስዎ ግማሹን ይዘው ነበር፤ እኔም ግማሹን» አለች። ከዚያም ዐይኗን ወደ መሬት አድርጋ «ሁለት ጊዜ አንበርክኬዋለሁ» አለችኝ። እኔም «እኔ ደግሞ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ» አልኋት። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ የምንናገረው አጣን። በማግሥቱ ከፊተኛው ረድፍ በስተግራ ጫፍ ባለው ወንበር አስቀመጠችው፤ ደኅና የሚሰማው ቀኝ ጆሮው ወደ እርሷ እንዲሆን ነው።

በቤታችን ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። እናቴ «ለጋ ቅቤ አሙቀን ጠብ እናድርግለት፤ አንተንስ ያዳንሁህ በዚያ አይደለም እንዴ?» አለች። እኔም ሐሳቧን ልቀበል ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ ግን «እማማ፥ አይቈጡብኝ፤ አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ እንዳሉት ይሆናል» ብላ በአክብሮት አስቆመችን። በየካቲት ወር ወደ ጆሮ፥ አፍንጫና ጕሮሮ ሐኪም ወሰድነው።

ሐኪሙ በመብራት መሣሪያ ሁለቱንም ጆሮዎች ከተመለከተ በኋላ ነገሩን እንዲህ አስረዳን። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር ሊኖርባት የሚገባ ትንሽ ክፍል አለች። በእርሷም ውስጥ አንዱ በመዶሻ፥ አንዱ በእርካብ የተመሰሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ድምፅን ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። ወደዚያች ክፍል አየር የሚገባው ከአፍንጫ በስተኋላ በሚነሣ ቀጭን ቧንቧ ነው። ይህ ቧንቧ በትልቅ ሰው ረዘም ያለና ወደ ታች ያዘነበለ ሲሆን፥ በሕፃን ግን አጭርና ወደ አግድም የቀረበ ነው። ስለዚህ ጉንፋን ሲደጋግም፥ ወይም ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው ሥጋ ሲያብጥ በቀላሉ ይዘጋል። ልጁ አፉን ከፍቶ ማንኰራፋቱም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነበር። ቧንቧው ሲዘጋ በአየር ፋንታ ወፍራም ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ አጥንቶቹም በማር ውስጥ እንደ ገቡ ያህል እንቅስቃሴያቸው ይከብዳል።

«ሕመም የለውም፤ መግል አይወጣውም፤ ትኵሳትም የለበትም፤ ስለዚህ ማንም አያውቅለትም» አለ ሐኪሙ። «ደግሞም መስማቱ በአንድ መጠን አይጸናም። ጉንፋኑ ሲለቀው ይሻለዋል፤ ሲመለስበት ይብስበታል።» ይህን ስሰማ «ሲፈልግ ይሰማል» ብዬ በደብተሩ የጻፍሁት ቃል ትዝ አለኝና አፈርሁ። ልጁ የሚሰማው ሲፈልግ አልነበረም፤ ጆሮው ሲፈቅድለት ነበር እንጂ። «ሸማ»ን «ሰማ» ማለቱም በምላሱ ጉድለት ሳይሆን፥ የፊደላቱ ድምፅ ተለይቶ ስላልደረሰው ነበር።

ቅቤም ሆነ ዘይት፥ የክብሪት እንጨትም ቢሆን ወደ ጆሮው እንዳናስገባ ሐኪሙ አጥብቆ ከለከለን። ታምቡሩ የተበሳ ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር ጕዳቱን ያብሰዋልና። ይህ ዐይነቱ ፈሳሽ በአብዛኞቹ ሕፃናት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ በራሱ እንደሚጠፋም ነግሮን፥ በግንቦት እንድንመለስ ቀጠሮ ሰጠን።

በግንቦት ቀኙ ጆሮ ጠርቶ ተገኘ፤ ግራው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በሰኔ ያበጠው ሥጋ ወጣለት፤ በግራ ታምቡሩም አየር የምታስገባ፥ ከወራት በኋላ በራሷ የምትወድቅ ትንሽ ቧንቧ ገባችለት። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት እናቱ ቡና ስታፈላ ልጁ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ «እማዬ፥ ጀበናው ያንጐራጕራል እንዴ?» አላት። ባለቤቴ ስኒውን እንደ ያዘች ቀረች። ያ ድምፅ በየዕለቱ በቤታችን የሚሰማ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሲገባ በቃል ጽሕፈት ከአሥሩ ስምንት ያገኝ ጀመር። ጠቡም ቀረ፤ አነጋገሩም በየጊዜው ይጠራ ጀመር። ነገር ግን ያልዳነ አንድ ነገር አለ። ራሱን ልዳብሰው እጄን ስዘረጋ፥ ዛሬም አልፎ አልፎ ግራ ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍናል። ያን ጊዜ እጄን መልሼ፥ እርሱ መዳፉን እስኪያወርድ ድረስ እጠብቃለሁ። ፈሳሹን ሐኪም አስወግዶታል፤ ይህን ግን ያመጣሁት እኔ ስለ ሆንሁ ማስወገዱም የእኔ ዕዳ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የልጄ ነገር ብርቅ ሆኖ እንዳይታይህ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ስለ መስማት ባወጣው ዘገባ፥ በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት 60 ከመቶ የሚጠጋው ልንከላከለው ከምንችለው ምክንያት የሚመጣ መሆኑን ገልጿል። የጆሮ ሕመምም ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ ስለ ትምህርት ቤት ይናገር እንጂ፥ ቤታችንስ ከዚያ የሚያንስ ምሕረት ሊኖረው ይገባልን?

እንግዲህ ወላጆች፥ ልጃችሁ የማይሰማ መስሎ ሲታያችሁ ከመቈጣታችሁ አስቀድሞ ከበስተኋላው በዝግታ ጥሩት፤ ከዚያም በቀኝና በግራ እየሆናችሁ ሞክሩት። አፍ አፍ የሚያይ፥ «ኧ?» የሚያበዛ፥ ንግግሩ የሚድበሰበስ፥ አፉን ከፍቶ የሚያንኰራፋ ልጅ ቢኖራችሁ ሐኪም ይየው። ከጆሮው መግል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቀን ሳትቈጥሩ ውሰዱት። ያያችሁትንም ለመምህሩ ንገሩ፤ መምህሩ ያየውንም ጠይቁ። መምህራንም እንዲሁ፥ በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ ለአንድ ሳምንት ወደ ፊት አምጥታችሁ ተመልከቱት።

የእኔ ደብተር ዛሬም በመደርደሪያችን ላይ አለ። የቀኙን ገጽ በባዶነቱ ትቼዋለሁ፤ በግራው ግን አሁንም እጽፋለሁ። ባለፈው እሑድ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ «ከበስተኋላው አንድ ጊዜ ተጠራ። ዞሮ ‹አቤት፥ አባዬ› አለ።»