ጅቡን ፈርተን ከሰሉን እንዳናቅፍ

ድንኳን ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። ባለፈው ጥር «የልጅ ልጆቼን ይዤ ባሌ ተራራ ድንኳን ውስጥ ላድር ነው» ስል የዕድር ጓደኞቼ «ምነው ሲስተር፣ ቤት እያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ልጄ ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ ጅብስ? ቀበሮስ?» አለችኝ።

የእናት ጥያቄ ነውና አልናቅሁትም። ቀይ ቀበሮ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ሰው አይነካም። ለጅቡም መላ አለው፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይታደርም፣ መኪና ውስጥ ይቆለፋል፤ ልጅም ሌሊት ብቻውን አይወጣም። ነገር ግን በነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ጅብ ነክሶት የመጣ ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ቤቱን ዘግቶ ከሰል ሲሞቅ አድሮ በሸክም የመጣውን ግን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተራራ ላይም የሚያሰጉን ነገሮች በአብዛኛው እኛው ይዘናቸው የምንሄዳቸው ናቸው።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ ያለባት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዲንሾ ላይ ከጽዱና ከኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ሰው ሳይፈራ ይግጣል፤ ከርከሮውም ልጆቹን አስከትሎ ያልፋል። ከጎባ ሽቅብ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ሳነቴ አምባ ይገኛል፤ እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ይገባል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ሽበት ያንጠለጠሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ቀርከሃ፣ ወደ ታች ደግሞ የጫካ ቡና። ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ያዩት የልጅ ልጆቼ «ይህ ምን ዓይነት በርሜል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አዲስ አበባ የለመደ ሰው እንኳን ዲንሾ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ዲንሾ ሁለት ሌሊት አድረን ሰውነታችን ከለመደ በኋላ ሳነቴን በቀን አቋርጠን ለማደር ዝቅ ወዳለው ሐረና ወረድን። ከፍታ ላይ መዋልና ከፍታ ላይ ማደር አንድ አይደሉም። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ላይናገር ይችላል፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ ጨዋታ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል። ያን ጊዜ ከዚያ በላይ አይወጣም። ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ከቃዠ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ማውረድና ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ጥር ላይ ዲንሾ ሲነጋ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል። እኛ ብርድን የምንከላከለው ከላይ በመደራረብ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ግን ሙቀታችንን የሚወስደው መሬቱ ነው። ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ከሚደረብ አንዱ ከታች ይነጠፍ፤ ስፖንጅ ካለ ደግሞ እሰየው። ቀን የተራመዱበት ካልሲ በላብ እርሷልና ማታ ይቀየር። የሞቀ ውኃ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር ብታደርጉ እስኪነጋ ይበቃቸዋል። ሲተኙ በሶ ወይም ጭኮ ቅመሱ፤ ባዶ ሆድ አይሞቅም። የመጠጥ ውኃ ደግሞ ከፍታ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንደኔ ዕድሜያቸው የገፋ የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን በኪሳቸው ይያዙ፤ ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ስለሚበላሽ ሌሊት ከሰውነት አጠገብ ይደር።

ሦስተኛው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነው። ዲንሾ በሁለተኛው ሌሊት ከእኛ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ነበሩ። አባትየው ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ይዞ ድንኳናቸው ውስጥ ሲገባና ዚፑን ሲዘጋ አየሁ። ተነሥቼ ሄድሁ።

«ልጄ፣ እባክህ እሳቱን አውጣው» አልሁት።

«እናቴ፣ ጭሱ እኮ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው። እኛስ ያደግነው እሳት ዳር አይደል?»

እውነቱን ነው፤ ያደግነው እሳት ዳር ነው። ግን የጎጆው ሣር ክዳን ያስተነፍሳል። ጤዛ ያረጠበው የድንኳን ሸራ አየር አያሳልፍም። ጭሱ ማለቁም አደጋውን አያስቀርም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፤ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። በዚያ ላይ ተራራው አየሩ ስስ ነው። ይህን ስነግረው እሱ ገና ሲያመነታ ሚስቱ አንዲት ቃል ሳትናገር ምድጃውን አንሥታ ወጣች። የሞቀ ውኃ ጠርሙስ አዘጋጀንላቸው፤ ልጆቹ ተኙ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የከሰል መመረዝ ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። የከፍታ ሕመምም እንዲሁ ነው። «ተራራው ነው፣ ሲነጋ ይሻለናል» ብሎ መተኛት ስለዚህ ነው የሚያስፈራው። እሳት ከገባበት ድንኳን ራሱን ያመመው ሰው ካለ ሁሉም ሰው ወዲያው ይውጣ፤ ራሱን የሳተ ቢነቃ እንኳ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ ቦታው ውጭ ነው። እሱም በተፈቀደው ስፍራ ብቻ፤ አስታ በደረቁ ወራት ቶሎ ይቀጣጠላልና።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። ሐረና ባደርንበት ሌሊት መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ስልኩን ሳያነሣ ከእሳቱ ዳር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተረት አስተረተኝ። በከተማ ቤታችን እንዲህ ያለ ማታ አግኝቼ አላውቅም። አያቶች ሆይ፣ ጉልበታችሁ እስካለ ድረስ ልጆቹን ውሰዷቸው። እሳቱን ደጅ ሙቁ፤ ልትተኙ ስትገቡ አጥፉት።