ስቦ መልቀቅና ይዞ መቆየት

ልጄ ከመድረሳ ከቀረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። "ዐመ" ጁዝእን ጨርሶ ወደ "ተባረክ" ሲሻገር ከበደውና ተወው። እኔም እንደ ብዙ አባት ማታ ከሥራ ስገባ ቆሜ እቆጣዋለሁ፤ ተቆጥቼ ስጨርስ ወደ ጉዳዬ እሄዳለሁ። እሱ አንገቱን ይደፋል። የሚለወጥ ነገር ግን አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ኮምፒውተር ፊት ተክዞ አገኘሁት። ለቁጣ አፌን ስከፍት "አባዬ፣ እስቲ ይህን እንፍታው" አለኝ። ጨዋታው "ሚስት" ይባላል። ስሙ ለእኛ ጆሮ የትዳር ጓደኛን ቢያስታውስም ነገሩ ሌላ ነው። ራንድና ሮቢን ሚለር የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት፣ ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ የታደሰ ጨዋታ ነው። ተኩስና ውጊያ የለበትም። ጭር ባለች ደሴት ላይ እየተዘዋወሩ የተቆለፉ መሣሪያዎችን በማስተዋል መክፈት ነው።

ልጄ የተያዘው በሰዓቱ ማማ ውስጥ ነበር። ሦስት ጥርሳም መዘውሮች ተደራርበው ሦስቱም ቁጥር 3ን ያሳያሉ። ከላይ ወደ ታች 2፣ 2፣ 1 መሆን አለባቸው። እጀታዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ላይኛውንና መሀለኛውን፣ ሌላው ታችኛውንና መሀለኛውን ባንድነት ያዞራል። አንደኛውን ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ስንስብ ላይኛውና ታችኛው ይስተካከላሉ፤ መሀለኛው ግን ሦስት ጊዜ ዞሮ ተመልሶ 3 ላይ ይቆማል። በተሳበ ቁጥር የተንጠለጠለው ክብደት ይወርዳል፤ ወርዶ ሲያልቅ እጀታው እምቢ ይላል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ነገሩ እልህ አስያዘኝ። የዐስር አዛን ሲሰማ "ይህችን ጨርሰን እንነሣለን" ያልኩት እኔው ነኝ። ልጄ ግን "አባዬ፣ ዐስር ነው እኮ" ብሎ ተነሣ። አፈርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዲኑ ስቆጣው የነበረ ልጅ እኔን አስታወሰኝ!

አብረን ወደ መስጂድ ሄድን። ስንመለስ ስለ አል-ጀዘሪ አጫወትኩት። በዲያርበክር የአርቱቅ ገዢዎችን ያገለገለው ይህ ሙስሊም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ የውኃ ሰዓቶችንና ሌሎች መሣሪያዎችን ከነአሠራራቸው፣ ከነሥዕላቸው ገልጿል። ልጄ በጥሞና አዳመጠኝ። ከቁጣ በቀር ሌላ ነገር ካወራሁት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ይሆን?

ቤት ገብተን እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ ልጄ እጀታውን ሳበና ቶሎ ሳይለቅ ይዞት ቆየ። መሀለኛው መዘውር ብቻውን መዞሩን ቀጠለ! ሚስጥሩ ይህ ነበር። የቀረውን ቆጥሮ አስተካከለና በደሴቲቱ ላይ ያለው ግዙፍ ጥርሳም ጎማ ተከፈተ። "አየህ አባዬ፣ ስበን ስበን ወዲያው እንለቀው ነበር" አለኝ።

ይህ ቃሉ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። እኔስ ከልጄ ጋር ያደረግሁት ይህንኑ አይደለምን? በቁጣ ስቤ ለቀቅሁት እንጂ ይዤው አልቆየሁም። ሰብር የሚለው የዐረብኛ ቃል ሥረ ትርጉሙ መያዝ፣ መግታት ነው። እኛ ግን እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አድርገነዋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከመግሪብ በኋላ አብሬው እቀመጣለሁ። 30 አንቀጾች ያሏትን ሱረቱል ሙልክን ይዘን አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። አንዳንድ ቀን ትናንት የያዘውን ይረሳል፤ ቁጣዬም ይመጣል። ያን ጊዜ እጀታው ትዝ ይለኛል፤ "ከመጀመሪያው እንበለው" እለውና አብሬው እቀራለሁ።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችንን ስንስብ ቶሎ አንልቀቃቸው። አላህ (ሱ.ወ) ሰብሩን ይወፍቀን። አሚን።