ሰቆጣ ላይ ቮልስ ቢያገኙ

ከዓለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ተሳልመው ወደ ሰቆጣ ሲመለሱ፣ የድንጋይ ቤቶቿን እያዩ በእግርዎ ዞር ዞር ይበሉ። ምናልባት ከአንዱ ግቢ አሮጌ ቮልስ ቆማ ቢያገኙና ባለቤቱ «እንዲህ ያለ ቀለም የትም የለም» ቢልዎ፣ ዋጋ ለመነጋገር አይቸኩሉ። ከተማዋ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ ቀይ መኪና ሮዝ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ፀሐይ ያልነካውን ይመልከቱ። የፊት ኮፈኑን ከፍተው ከመለዋወጫ ጎማው ሥር፣ ከምንጣፉ በታችና ከበሩ ላስቲክ ጀርባ ያለው ቀለም አንድ ዓይነት ነው? ላስቲኩ ላይ ቀለም ከነካ መኪናዋ እንደገና ሳትቀባ አልቀረችም። የቀለም ቁጥሯ ከተገኘም ፋብሪካው በተሠራችበት ዓመት ካወጣቸው ቀለሞች ጋር ያስተያዩ።

በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል። ብርቅ የሚሆነው የመጀመሪያ ቀለሟን እንደያዘች የቆየችው ናት። መኪናዋ የአባትዎ ከሆነች ደግሞ፣ ቀለም ቀቢ ከመጥራትዎ በፊት ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ በፖሊሽ ያሹ። የደበዘዘው ሊፈካ ይችላል፤ የተፋቀውን ግን ማንም አይመልሰውም።