የዕለት ሥራ፣ ማርስ ላይ

ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ማርስ ላይ የምትዞረው ሮቨር (ተሽከርካሪ) ኪዩሪዮሲቲ የምታነሳቸውን ፎቶዎች ናሳ ምድር እንደደረሱ፣ ማንም ሳይነካካቸው ለሕዝብ ይለቃቸዋል። ማታ ማታ እነሱን ሳላይ አልተኛም። አብዛኛው ድንጋይ ነው፤ አልፎ አልፎ የገዛ ጥላዋ ወይም አቧራ የለበሰ ጎማዋ ይመጣል። የሰሞኑ ፎቶዎች ከጌዲዝ ሸለቆ ናቸው።

እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶባታል። ጌል የሚባለው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ጥንት ከሰማይ የወረደ አለት የቦረቦረው፣ ከዳር እስከ ዳር 154 ኪሎ ሜትር ነው። መሀሉ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሻርፕ ተራራ ቆሟል። ሮቨሯ ሐምሌ 30 ቀን 2004 ዓ.ም. ሜዳው ላይ አረፈች፤ ተራራው ግርጌ መድረሷ የተነገረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በእንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ዳገት መውጣት ነው። ታች ያለው ንብርብር ሐይቅ የተኛበት ጭቃ ነበር፤ ከፍ እያለች ስትሄድ ጨው የበዛበት አለት ይመጣል። ማርስ ከውሃ ወደ ድርቅ የሄደችበት ዘመን ከሥር ወደ ላይ ተደርድሯል ማለት ነው። ጌዲዝ ግን ይህን ድርድር ያፈርሰዋል። ሸለቆው ተራራውን ሰንጥቆ የወረደ ስለሆነ ከተራራው በኋላ የመጣ ነው፤ ድርቁ ከገባ ወዲያም ውሃና ናዳ እዚያ ወርደዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ አተኩሬ አያለሁ።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ አንድ ፎቶ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሮቨሯ ሐሙስ ዕለት ያለፈችበት ቦታ ነው። ነጣ ያሉ ድንጋዮች ተበታትነዋል፤ ከመካከላቸው አንዱን ጎማዋ ረግጦት ተፈርክሷል። ውስጡ ቢጫ ነው። ማርስ ላይ ሁሉ ነገር የዛገ ብረት ቀለም ያለው አቧራ ለብሶ ነው የሚታየው፤ ትክክለኛ መልኩን ለማየት መቦረሽ ወይም መሰርሰር ያስፈልጋል። ይህን ግን ክብደቷ ሰብሮት ነው ያሳየን። ስብርባሪው ጠርዝ ጠርዝ አለው፤ እንደ ማዕድን ጠጠር ወደ ብርሃን ሲዞር የሚያበራ ዓይነት።

ጎማዎቹ ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ከጫፍ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ገላ ውፍረቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 899 ኪሎ የምትመዝን ማሽን የተሸከመው ይህ ነው። ካረፈች ብዙም ሳይቆይ ሹል ድንጋይ ይበሳው ጀመር፤ ዛሬ ቀዳዳው ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ነጂዎቿ መንገድ ሲመርጡ ሹል ድንጋይ ይሸሻሉ፤ ጎማዎቹንም በየጊዜው በክንዷ ካሜራ ያነሷቸዋል።

በፋብሪካ ሆን ተብሎ የተቆረጠ ቀዳዳም አለ። አሸዋ ላይ ስትሄድ ዱካዋ በሞርስ ኮድ ነጥብና ሰረዝ ያትማል፤ ፊደሉ የሠራትን የጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪን ስም ያሳጥራል። ለጌጥ ብቻ አይደለም። ወደ ኋላዋ ዞራ ፎቶ ስታነሳ ምልክቱ በየስንት ርቀቱ እንደሚደጋገም ታያለች፤ ጎማዋ ምን ያህል እንደተሽከረከረ ከእሱ ጋር አስተያይታ አሸዋው እያንሸራተታት መሆኑን ታውቃለች።

ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የምታነበውን ፊዚክስ ይዛ መጣች። ፎቶዎቹን አሳየኋት።

«ጋሼ፣ በሪሞት ነው የሚነዷት?»

አሁን ማርስ ያለችበትን ርቀት ነገርኳትና ብርሃን በሰከንድ በሚሄደው አካፍይው አልኳት። 15 ደቂቃ ተኩል አካባቢ አገኘች። ትንሽ አሰበችና፣ «እነሱ ገደሉን እስኪያዩት 15 ደቂቃ፣ ቁሚ እስኪሏት ሌላ 15 ደቂቃ። በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ ገብታለቻ!» አለች።

ልክ ናት። ስለዚህ ነው ላብራቶሪው ባለበት ፓሳዲና ላይ መሪ የሚይዝ ሰው የሌለው። የማርስ ቀን ሲመሽ ሮቨሯ የዋለችበትን ውሎ በላይዋ ለሚያልፉ ሳተላይቶች ታስረክባለች፤ እነሱ ወደ ምድር ይልካሉ። ጠዋት የጂኦሎጂ ሰዎች ፎቶዎቹን ዘርግተው ክንዷ የሚደርስበትን ድንጋይ ሁሉ ስም ያወጡለታል። የትኛው ይቦረሽ፣ የትኛው በሌዘር ይመታ፣ የትኛው ይታለፍ ብለው ይከራከራሉ። የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚቆጥር ሌላ ሰው አለ። ኃይሏ የሚመጣው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነው፤ ጸሐይ ባትኖርም ይሠራል፣ ግን በየዓመቱ ይደክማል። የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች 90 ዲግሪ ስለሚደርስ ጎማና ክንድ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት መጋጠሚያቸው መሞቅ አለበት፤ ማሞቁም ኃይል ይበላል። ነጂዎቹ ትእዛዙን ይጽፋሉ፣ በኮምፒውተር ላይ ያስኬዱታል፣ ይጠይቁበታል፣ ይልኩታል። ከዚያ እስከ ማግስቱ ብቻዋን ናት።

ከሁሉ የሚገርመኝ እንዲህ ያለው ደንባቸው ነው፤ አንዱ ጎማዋ እንኳ በማያስተማምን ድንጋይ ጫፍ ላይ ከቆመ ክንዷን አይዘረጉም። ክንዱ ድንጋይ ላይ ተጭኖ ሳለ ሮቨሯ ብትንሸራተት ይሰበራል። ስለዚህ ከፊታቸው የተመኙት ድንጋይ ተቀምጦ እያዩት ያን ቀን ይተዉታል። በሩቅ ካሜራ አይተው፣ ትንሽ አስጠግተዋት፣ ነገን ይጠብቃሉ። አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላት የቀራት ሁለት ወር ነው፤ የሄደችው ወደ 32 ኪሎ ሜትር ነው። ከመስቀል አደባባይ ብትነሳ ዱከም አልገባችም። እኔ በዚህ ዝግታ አልሰለችም። ያንን ርቀት ስንት «ዛሬ ይቅር» እንደጠበቀው አስባለሁ።

ልጅቷ ፈተና እንዳለባት አስታውሼ መጽሐፏን መለስኩላት።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ማርስ ላይ ትሠራ የነበረችው ሌላ ሮቨር፣ ኦፖርቹኒቲ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅዋ የተሰማው በዛሬዋ ቀን ነበር፣ ሰኔ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.። ለ90 የማርስ ቀን ተልካ ከ14 ዓመት በላይ ሠርታለች፤ 45 ኪሎ ሜትርም ሄዳለች። ከምድር ውጭ አንድም ተሽከርካሪ ያን ያህል አልሄደም።

በዚህ ቀን ሁልጊዜ የሚዞር አባባል አለ፤ «ባትሪዬ እየደከመ ነው፣ እየጨለመም ነው» ብላ ሞተች የሚል። እንዲህ አላለችም። አንድ ጋዜጠኛ የመጨረሻውን መረጃ በሰው ቋንቋ ያስቀመጠበት መንገድ ነው። የላከችው ቁጥር ነው፤ የቀራት ኃይል፣ ከዚያም አየሩ ጸሐይን ምን ያህል እንደጋረደ የሚለካው ቁጥር፣ 10.8። ፕላኔቷን በሙሉ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ነበር፤ ያን ያህል ጥቁር ሰማይ ማርስ ላይ ከዚያ በፊት ተለክቶ አያውቅም። በጸሐይ የምትሠራ ማሽን በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና ጨለማውን ለካችና ውጤቱን ላከች። እኔ ይህን ከዚያ አባባል አብልጬ እወደዋለሁ። ሠራተኞቹ እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. ድረስ ከ1,000 በላይ ትእዛዝ ላኩላት፤ መልስ አልመጣም።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ግንቦት 12 ቀን ከጸሐይ የተነሳው ነበልባል ማርስ ላይ ምን እንዳደረገ ዛሬ አነበብኩ። የኪዩሪዮሲቲ የጨረር መለኪያ ካረፈች ወዲህ ያላየውን ከፍተኛ መጠን መዘገበ፤ 8,100 ማይክሮግሬይ። አጠገቧ ሰው ቢኖር 30 የደረት ራጅ ባንዴ እንደመነሳት ይሆንበት ነበር። ጨረሩ ካሜራዋን ሲመታው ፎቶው ላይ ነጫጭ ነጥብና ጭረት ወረደበት። ማርስ ምድርን እንደሚጋርዳት ያለ መግነጢሳዊ ጋሻ የላትም። ሰው ወደዚያ ሲሄድ የት እንደሚጠለል የሚወሰነው በእንዲህ ዓይነቱ ልኬት ነው። በዋሻ ውስጥ ወይስ በገደል ሥር የሚለውን ይህች ማሽን ቀድማ እየቆመች ትመልሳለች።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ማክሰኞ ሰርስራለች። ድንጋዩን ማሞዝ ሌክስ ብለውታል፤ 41ኛው ጉድጓዷ ነው። ስፋቱ 1.6 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር። ግን ይህች ቀዳዳ የቀናት ሥራ ናት። መጀመሪያ ድንጋዩ እንዳይላቀቅ በክንዷ ተጭና ትፈትነዋለች፤ ቀጥሎ ትሰረስራለች፤ እንደ ሽሮ የላመውን ዱቄት በቁንጥር ሆዷ ውስጥ ወዳሉት ሁለት ላብራቶሪዎች ትጨምራለች። አንዱ በኤክስሬይ ማዕድኑን ይለያል። ሌላው አሙቆ የሚወጣውን ጋዝ ይመረምራል፤ ይኸኛው ኃይል ስለሚበላ ቀን ተመድቦለት ነው የሚሠራው።

ይህ መሰርሰሪያ ሞቶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ብረቱን ወደ ፊት የሚገፋው ሞተር አልታዘዝ አለ። ሮቨሯን ወደ ጋራዥ የሚያስገባት ስለሌለ መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለችው መንትያዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሞከሩ። በመጨረሻ ብረቱ ለዘለቄታው ወደ ፊት ወጥቶ እንዲቀር አድርገው፣ በሞተሩ ፈንታ መላ ክንዷ እንዲገፋው አስተማሯት፤ ሰው ድሪል በእጁ ሲጫን እንደሚያደርገው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. እንደገና ሰረሰረች። ዛሬ የማየው ቀዳዳ የዚያ ብልሃት ልጅ ነው።

ያ ቢጫ ድንጋይ ግን ለመሰርሰር አይሆንም፤ ትንሽና ተሰባሪ ነው። ለዚህ ነው አጠገቡ ያለውን ትልቁን የመረጡት።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ድኝ ነው! ናሳ ትናንት አስታወቀ። በክንዷ ጫፍ ያለው ኤክስሬይ መመርመሪያ ቢጫውን ጠጠር አይቶ ንጹሕ ድኝ መሆኑን ነገራቸው፤ ከሌላ ጋር ያልተዋሐደ።

ድኝ ማርስ ላይ አዲስ አይደለም። ከኦክስጅን ጋር ሆኖ በጨው መልክ በየቦታው ተገኝቷል። ብቻውን የቆመ ድኝ ግን ማንም አላየም ነበር። ምድር ላይ ንጹሕ ድኝ ብዙ ጊዜ ከእሳተ ገሞራና ከፍል ውሃ ጋር ይመጣል። እኛ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዳሎል ላይ ያ ቢጫ ከጨውና ከአሲድ መሀል ይፈላል፤ የማርስ ተመራማሪዎችም ደናክል ድረስ እየመጡ የሚያጠኑት ለዚህ ለዚህ ነው። ጌዲዝ ላይ ግን እሳተ ገሞራም ፍል ውሃም አልታየም። ሆኖም አጠገቡ ያለው ሜዳ በሙሉ ተመሳሳይ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው። ከየት መጣ? መልስ የለም፤ መልስ አለመኖሩ ደስ ብሎኛል።

ዕድል ነው የሚሉ አሉ። ጎማው አንድ ክንድ ወደ ጎን ቢያልፍ አይሰበርም ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ቦታ ለመቆም መጀመሪያ ያንን ሁሉ ዳገት ሳትሰበር መውጣት ነበረባት። ከድንጋዩ ካለፈች በኋላም ወደ ኋላ አይታ ፎቶ ማንሳት ነበረባት፤ ያንን ፎቶ አንድ ሰው አስተውሎ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ነበረበት። ያ ሰው የዕለት ሥራውን እየሠራ ነበር።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ ሊነጋ ሲል ምሥራቁ ተከፈተ። ማርስ ከጁፒተር ከፍ ብላ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ፤ ደመናው መልሶ ዘጋ።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

የሌላዋ ሮቨር ወሬ ነው ዛሬ። ፐርሲቪራንስ ከጌል በጣም ርቃ፣ ጄዜሮ በሚባል ሌላ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ፣ ጥንት ወንዝ የወረደበት ኔሬትቫ የሚባል ሸለቆ ላይ ናት። ቼያቫ ፎልስ ብለው የሰየሙት ድንጋይ 1 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቀስት ጫፍ ይመስላል። ነጭ የካልሲየም ሰልፌት ሥር ተሻግሮበታል፤ በሥሮቹ መሀል ቀይ መደብ አለ፤ በቀዩ ላይ ዙሪያቸው በጥቁር የተከበበ ሚሊ ሜትር የሚያክሉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች። የነብር ቆዳ ይሏቸዋል። ጥቁሩ ብረትና ፎስፌት ይዟል። ምድር ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ የሚሠራ ኬሚስትሪ ለማይክሮቦች ምግብ የሚሆን ኃይል ይሰጣል። ካርቦን የያዙ ውሁዶችም እዚያው አሉ።

ከዜናዎቹ ርእሶች ብዙዎቹ «ሕይወት ተገኘ» ይላሉ። ሳይንቲስቶቹ አላሉም። ያሉት፣ ሕይወት ሊሠራው የሚችል፣ ያለ ሕይወትም ሊሠራ የሚችል ነገር አግኝተናል ነው። በድንጋዩ ውስጥ ኦሊቪን የሚባል ከቅልጥ አለት የሚወጣ ማዕድን መኖሩንም ራሳቸው ጠቅሰዋል፤ ያ ከሆነ ለሕይወት በማይመች ሙቀት ተቀቅሎ ሊሆን ይችላልና። ይህን ጥንቃቄ አከብራለሁ፤ የእኛ ሬዲዮኖችም ሲተረጉሙት እንዲሁ ቢጠነቀቁ እወዳለሁ።

ናሙናው ተቆርጦ ቱቦ ውስጥ ታሽጓል። የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሮቨሯ ያላት መሣሪያ የሚችለውን ሁሉ አድርጋለች፤ ቁርጡ የሚታወቀው ምድር ላይ ባለ ላብራቶሪ ነው። ናሳ ግን በሚያዝያ ወር እንዳስታወቀው፣ ናሙናዎቹን የማምጣቱ ዕቅድ ወጪው 11 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ መድረሻውም በፈረንጅ 2040 ሆኗል። ይህ አይሆንም ብሎ ሌላ መላ እየጠየቀ ነው። ስንት ሰው በየዕለቱ ድንጋይ ከድንጋይ መርጦ ያሸገው ቱቦ እዚያ ተቀምጦ ሊቀር አይገባም። ገንዘቡ ብዙ መሆኑ አይጠፋኝም። ጥያቄው ግን ሰው ከጠየቃቸው ሁሉ ትልቁ ነው፤ መልሱ የጣት ያህል ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

ኪዩሪዮሲቲ ዛሬ 12 ዓመት ሞላት። የእህቴ ልጅ ደውላ እንኳን አደረሰህ አለችኝ፤ ዕለቱን መዝግባው ኖሯል። ስለ ድኙ ጠየቀችኝ፤ ከየት እንደመጣ እስካሁን እንዳልታወቀ ነገርኳት። «እንግዲያው እኔ እደርስበታለሁ» አለች፣ በቁም ነገር።

ማታ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። አሁንም ጌዲዝ ውስጥ ናት። ከዚህ ስትወጣ የሚጠብቃት፣ ከሳተላይት ሲታይ የሸረሪት ድር የሚመስል፣ ከርሰ ምድር ውሃ ስንጥቁን ሞልቶ አጠንክሮት የቀረ የሸንተረር መረብ ነው። እዚያ ለመድረስ ወራት ይፈጅባታል። የዛሬው ፎቶ የፊት ጎማዎቿን ያሳያል፤ ስድስቱም ጸንተው መቆማቸው ከተረጋገጠ ነገ ክንዷን ትዘረጋለች።