ይኼ የማን ለቅሶ ነው?

ዱም ሜታል ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ያደክመኛል። “ሜታል” ካልኩ ሁሉም የሚመጣበት ጩኸትና ፍጥነት ነው። ዱም ግን ይዘገያል። አንድ ኖታ ተመትቶ እስኪሞት ይጠበቃል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ክብደቱ የሚመጣው ከመጠበቁ ነው። “ዱም” የሚለው ቃል በድሮው እንግሊዝኛ “ፍርድ” ማለት ነበር፤ እኛ “ዕለተ ደይን” ስንል ያለው “ደይን” በጣም ይቀርበዋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ብላክ ሳባዝ በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጣ፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር። አራቱ ልጆች በርሚንግሃም ውስጥ አስተን ከሚባል የፋብሪካ ሰፈር የመጡ ናቸው። በጦርነት ቦምብ የወረደባት ከተማ ናት፤ ያደጉት ፍርስራሹ ሳይነሳ ነው። አልበሙን ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ቀድተው ወጡ።

እኔ ጋ የደረሰው የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ በዜንደር ልኮልኝ ነው። ፋይሉ ሚሞሪዬ ላይ ተኝቶ ከረመ። 2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ለወራት ጠፋ። እዚህ ይጁቤ ያለው ምርጫ ስልክህ ላይ የጫንከው ብቻ ሆነ። የእኔ ላይ ጥቂት የጂጂ ዘፈኖች፣ የጃኖ ባንድ “ኤርታሌ” እና ይኼ አልበም ነበሩ።

አልበሙ በዝናብ ነው የሚጀምረው። ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ከላይ ቆርቆሮው ይደበደባል፣ ከታች ስልኩ ይዘንባል። ከዚያ ጊታሩ ሦስት ኖታ ይዞ ይገባል። እማማ (አያቴን እንዲያ ነው የምንጠራት) ከምድጃው አጠገብ ሆና ሰማችው። “ይኼ የማን ለቅሶ ነው?” አለችኝ።

“የፈረንጅ ነው፣ እማማ።”

“ፈረንጅም እንዲህ አድርጎ ያለቅሳል?”

ያኔ ስቄ ነበር። ከወራት በኋላ ግን አዲስ አበባ ይኖር የነበረው አጎቴ መሞቱ ተሰማ። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ፣ ወሬው እኛ ጋ የደረሰው አርባው ካለፈ በኋላ ነው። መርዶ እንደ ደንቡ ንጋት ላይ ተነገረ፣ ለቅሶም ተቀመጥን፣ ግን ምን ዓይነት ለቅሶ! ከገጠር የሚመጣ ዘመድ የለም፣ ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሙሾ አውራጇ ገና ከመጀመሯ ሰዓት ታየባት። ጎጃም ውስጥ ሀዘን ጊዜ ይሰጠዋል፤ የእኛ በችኮላ ተከናወነ። ሰው ሁሉ ሲበተን ያንን አልበም ከፈትኩት። የማይቸኩል ነገር ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ደጋግሜ ስሰማው ነው የበገና ነገር የመጣብኝ። የሁዳዴ ሰሞን በሬዲዮ የምንሰማው ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ከቁራጭ ቆዳ። በአሥሩ ክሮችና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቀጭን ቆዳ ይገባል፤ ክሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። የዓለሙ አጋን ቅጂ (ኢትዮፒክስ ቁጥር 11) በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ደረታችሁ ላይ ይቀመጣል።

የብላክ ሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ደግሞ በ17 ዓመቱ፣ በብረታ ብረት ፋብሪካ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት። ጣቱ እንዳያመው ቀጫጭን ክሮች መረጠ፤ በኋላ አልበሞቹ ላይ ክሮቹን አላላቸው፣ ድምፁም ወረደ። እዚያም ቁራጭ ቆዳ፣ እዚህም ቁራጭ ቆዳ።

ሌላም አለ። የአልበሙን መክፈቻ የሚያስፈራው በሁለት ኖታዎች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ አውሮፓውያን በላቲን “ዲያቢሎስ በሙዚቃ” ብለው ሰይመውታል። (ቤተ ክርስቲያን ከልክላው ነበር የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው።) ያው ርቀት አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ፈረንጅ ዲያቢሎስ ያለውን እኛ ሙሽራ እንሸኝበታለን። እማማ ያልደነገጠችው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጆሮዋ ያውቀዋል።

ታዲያ የእኛ ዱም የታለ? የቀረበው “ኤርታሌ” ነው፤ የጃኖ የመጀመሪያ አልበም፣ እ.ኤ.አ. 2012። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ በ1986 የሞተርሄድን “ኦርጋዝማትሮን” የሠራ፣ በ2001 ደግሞ የቻግኒዋን ጂጂ አልበም የሠራ ሰውዬ። በሜታልና በጎጃም መካከል በአካል የተመላለሰ ሌላ ሰው አላውቅም። “ኤርታሌ”ን እወደዋለሁ፣ ጊታሩ ከአማርኛ ድምፅ ጋር ሲጋጠም ፀጉር ያቆማል። ግን ሮክ ነው፤ መድረክ ላይ ለመዝለል የተሠራ። ስሙ የእሳተ ገሞራ ሆኖ ሳለ እንደ ቅልጥ ዐለት ቀስ ብሎ የሚፈስ ዘፈን ቢኖረው ምን ነበረበት እላለሁ።

ሰፈራችን በገና የሚማር ዲያቆን አለ። ሐሳቤን ነገርኩት፤ በገናውን በአምፕሊፋየር፣ ዝግ አድርገን፣ ለሞቱት ሰዎች። ዝም ብሎ ሰማኝና “ወንድሜ፣ በገና ለዘፈን አይሆንም” አለ። አልተከራከርኩትም። እሱ ለጸሎት የያዘውን እኔ ለባንድ ልወስድበት አልፈልግም።

ስለዚህ ክራር ይዣለሁ። በአፈ ታሪኩ ክራር ድሮም የሰይጣን ወገን ነው ይባላል፣ ማንም አይቆጣኝም። ክሮቹን እስኪወላለቁ ድረስ አላላኋቸው። ከአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ቆርጬ በየክሩ ሥር አስገባሁ። ስድስቱ አልሠሩም፣ አራቱ ብቻ። ከአራቱ አንዷ፣ ወፍራሟ፣ ስትመታ ይነዝራል፤ እስክትሞት ድረስ ቆጥሬ ሰባት ሰከንድ ቆየች።